«በምኑ?» ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን ለኤለመንተሪ ተማሪዎች እንዴት እናስተምር

መጀመሪያ ይሄን ትምህርት ሳስተምር የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁና ከዛ ወደ ስራው እንገባለን። ብላክቦርዱ ላይ «ተነጻጻሪ ዘይቤ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደ በሚለው ቃል የሚያነጻጽር ነው፣ ተለዋጭ ዘይቤ ደግሞ ያለ እንደ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ልጆቹ ገለበጡ፣ ሶስቴ ጮክ ብለን አብረን አነበብን፣ በቃ አስተማርኩ ብዬ ወጣሁ። ፈተና ላይ ተነጻጻሪ ዘይቤ ያለበትን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት ስላቸው የክፍሉ ግማሽ «እናቴ ቤት እንደገባች ደወለችልኝ» የሚለው ላይ አስምሮ ቁጭ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ በኋላ ሳስበው ግን ልጆቹ ምን አጠፉ? እንደ የሚለውን ፈልጉ አልኳቸው፣ ፈልገው አገኙ።

ከዛ ወዲህ ትርጉሙን (ዴፊኒሽኑን ማለቴ ነው) መጨረሻ ላይ ነው የማመጣው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አላመጣውም። ትምህርቱን በሙሉ የሚሸከመው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በምኑ?» ልጁ «ጨረቃ እንደ ሳህን ናት» ሲል «በምኗ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ እሱን መመለስ ከቻለ ዘይቤው ገብቶታል ማለት ነው፣ ካልቻለ ግን መቶ ጊዜ ትርጉሙን ቢሸመድድም ዋጋ የለውም።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት

ማንኛውም ንጽጽር ውስጥ ሶስት ነገር አለ። የምናወራለት ነገር፣ የመሰልንበት ነገር፣ እና ሁለቱን የሚያገናኘው የጋራ ጠባይ። «ድምጿ እንደ ሐር ለስላሳ ነው» ካልን የምናወራው ስለ ድምጿ ነው፣ የመሰልንበት ሐር ነው፣ የሚያገናኛቸው ልስላሴ ነው። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሃያሲ እ.ኤ.አ. በ1936 ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስም አውጥቶላቸው ነበር፣ ሁለተኛውን «መጓጓዣ» እንደማለት ነው የሰየመው፣ ሃሳቡን ጭኖ የሚያመጣው እሱ ስለሆነ መሰለኝ። ይሄን ለልጆቹ እንዳትነግሯቸው፣ ለናንተ ነው። እናንተ ሶስቱን በቶሎ መለየት ካልቻላችሁ ክፍል ውስጥ ልጅ ያልጠበቃችሁትን ምሳሌ ሲያመጣ ትደናገራላችሁ፣ ያመጣሉ ደግሞ።

ስለ ስያሜው፦ አንዳንድ መጽሐፍ «ተነጻጻሪ» ይላል አንዳንዱ «አነጻጻሪ»፣ ተማሪዎቹ የሚፈተኑበት መጽሐፍ የሚለውን ያዙና እሱ ላይ ጽኑ፣ ሁለቱን እያቀያየራችሁ አታምታቱ። በሁለቱ ዘይቤዎች መካከል ያለው ግድግዳም ያን ያህል ወፍራም አይደለም። አርስቶትል ራሱ ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ላይ ስለ ጀግናው አኪለስ «እንደ አንበሳ ተወረወረ» ካልን ተነጻጻሪ ነው፣ «አንበሳው ተወረወረ» ካልን ተለዋጭ ነው፣ ልዩነቱ ጥቂት ነው ይላል። ስለዚህ ሁለቱን እንደ ሁለት ምዕራፍ ለያይቶ ከማስተማር አንዱን ከሌላው ማውጣት ይቀላል፣ እኔም እንደዛ ነው የማደርገው።

ደረጃ 1፦ ከረጢት ይዛችሁ ግቡ

መጽሐፍ የለም፣ ስያሜ የለም። ከረጢት ውስጥ ስፖንጅ፣ ቁልፍ፣ ሻማ፣ ፊኛ፣ ላስቲክ፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ ድንጋይ ከታችሁ ትገባላችሁ። አንድ ልጅ እጁን ከቶ አንዱን ያወጣል፣ ከዛ «ይሄ ሌላ ምን ያስታውሳችኋል?» ነው ጥያቄው። ልብ በሉ፣ «ይሄ ምንድነው» አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ሁሉ ስለ መልክ ነው የሚሆኑት፣ ፊኛው እንደ ኳስ፣ ስፖንጁ እንደ ዳቦ። አትከፉ፣ ጤነኛ ነው። የሳይኮሎጂ ተመራማሪዋ ዴድሬ ጌንትነር እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው ጥናት «ደመና እንደ ስፖንጅ ነው» ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን ለትንንሽ ልጆች፣ ከፍ ላሉ ልጆችና ለአዋቂዎች አቅርባ ነበር። ከ5 እስከ 6 ዓመት ያሉት የሚይዙት መልኩን ነው፣ ክብ ነው ለስላሳ ነው ይላሉ፣ እድሜ ሲጨምር ግን ስራው ወደሚለው ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ውሃ ይይዛሉ መልሰው ይለቃሉ። ይሄን ካወቃችሁ የሁለተኛ ክፍል ልጅ «ክብ ስለሆነ» ሲላችሁ ተሳሳትክ አትሉትም፣ ገና እየመጣ ነው።

ብላክቦርዱን ለሁለት ክፈሉት፣ አንዱ ጋ «በመልኩ» ሌላው ጋ «በስራው» ብላችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ መልስ ሲመጣ «በምኑ?» ትሉና ልጁ ራሱ ወደ የትኛው እንደሚገባ ይነግራችኋል። የመጀመሪያው ጎን ይሞላል፣ ሁለተኛው ባዶ ይቀራል፣ ባዶው ያሳክካቸዋል። ከዛ አንዷ ተነስታ «ላስቲክ እንደ እናቴ ነው፣ ትወጠራለች ግን አትበጠስም» ትላለች። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እናንተም ፊታችሁን ወደ ብላክቦርዱ ታዞራላችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ህግ ከመጀመሪያው ደቂቃ አስቀምጡ፦ የክፍል ጓደኛን፣ የሰው አካልን፣ የሰው መልክን ማነጻጸር ክልክል ነው። ካላላችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ቲቸር፣ እሱ እንደ አህያ» ይመጣል፣ ከዛ ትምህርቱ አልቆ ሽምግልና ይጀመራል። ስለራሳቸው ስሜት፣ ስለ እቃ፣ ስለ ተፈጥሮ ይሁን፣ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ሶስት ክፍት ቦታ

ይቺን ብላክቦርዱ ላይ ጻፉ፦ «______ እንደ ______ ______ ነው»። ሶስተኛዋ ክፍት ቦታ ግዴታ ናት። ብዙ መምህር ሁለቱን ብቻ ያስሞላና ያልፋል፣ ልጁ «ዛፉ እንደ መኪና ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ስህተት ነው እንዳትሉት ስህተት አይደለም፣ ትክክል ነው እንዳትሉት ምን ማለት እንደሆነ እሱም አያውቀውም።

አሞላሉ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሁለቱን ሰጥታችሁ ሶስተኛዋን ያምጡ («የመስከረም ጠዋት እንደ አዲስ ደብተር ______ ነው»)። ቀጥሎ መካከለኛዋን ታጠፋላችሁ («ኮሪደሩ እንደ ______ ጸጥ ያለ ነው»)፣ እዚህ ጋ ነው ፈጠራ የሚጀምረው። መጨረሻ ላይ ሶስቱም ባዶ። አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ሶስቱንም ለመጨረስ አትሩጡ፣ ሁለት ቀን ይውሰድ።

ከዛ የሚመጣባችሁ ችግር ያረጀ ንጽጽር ነው፣ እንደ አንበሳ ጀግና፣ እንደ በረዶ ነጭ፣ እንደ ንብ ታታሪ፣ እንደ መብረቅ ፈጣን። ሰላሳ ደብተር ስታርሙ ሃያው ላይ አንበሳ አለ። እኔ ካርቶን ላይ «ጡረታ የወጡ» ብዬ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፣ ያረጀ ንጽጽር የተገኘ ጊዜ በክብር እዛ ይጻፋል፣ ከዛ በኋላ ማንም አይጠቀምበትም። ልጆቹ ራሳቸው ፖሊስ ይሆናሉ፣ «ቲቸር አንበሳ ጡረታ ወጥቷል!» ሲሉ መስማት ያስቃል። ያረጀውን ለማደስ ቀላሉ መንገድ ልጁ በዓይኑ ያየውን ወይ በእጁ የነካውን ነገር መጠየቅ ነው። «እጄ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ» ላለ ልጅ «ዛሬ ጠዋት የነካኸው በጣም ቀዝቃዛ ነገር ምን ነበር?» ብትሉት «የበሩ ብረት» ይላል፣ ይኸው፣ «እጄ እንደ ጠዋት የበር ብረት ቀዘቀዘ»፣ ይሄ የሱ ነው።

ደረጃ 3፦ የእንደ ወጥመድ

ይሄኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ ትልቁ ችግር ይሄ ነውና። «እንደ» በጣም ብዙ ስራ የሚሰራ ቃል ነው፣ ማነጻጸር ከስራዎቹ አንዱ ብቻ ነው። እነዚህን እዩ፦

«ዝናቡ እንዳቆመ ወጣን»፣ ጊዜ ነው የሚናገረው።
«ነገ ፈተና እንዳለ ነገረችን»፣ ወሬ እያስተላለፈ ነው።
«እንደ እኔ ቢቀር ይሻላል»፣ አስተያየት ነው።
«እንደ ክፍል አለቃ የመቆጣጠር ሃላፊነት አለባት»፣ ሚናዋን ነው።
«እንደገና ጻፈው»፣ እሷማ ጭራሽ ሌላ ቃል ሆናለች።
«ቦርሳዬ እንደ ቦርሳህ ሰማያዊ ነው»፣ ይቺ አደገኛዋ ናት።

የመጨረሻዋ ለምን አደገኛ ሆነች? ማነጻጸር አለ፣ እንደ አለ፣ የጋራ ጠባይ አለ፣ ግን ዘይቤ አይደለም፣ ምክንያቱም ቦርሳና ቦርሳ ዘመዳሞች ናቸው። ዘይቤ የሚሆነው ዘመድ ያልሆኑ ነገሮች ሲገናኙ ነው። ለልጆቹ «ዘመድ ናቸው ወይስ እንግዳ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ደመናና ስፖንጅ እንግዳ ናቸው፣ ወንድምና አባት ዘመድ ናቸው፣ ስለዚህ «ወንድሜ እንደ አባቴ ረጅም ነው» ተራ ንጽጽር ነው፣ «ወንድሜ እንደ ስልክ እንጨት ረጅም ነው» ግን ዘይቤ ነው። (የሰው አካል ክልክል ነው አልኩ አይደል፣ ወንድምየው እዚህ የለም ብለን እንለፈው።)

አንዳንድ መምህራን ደግሞ አቋራጭ ህግ ይሰጣሉ፣ «እንደ ግስ ላይ ከተለጠፈ ተነጻጻሪ አይደለም» ብለው። አብዛኛውን ጊዜ ይሰራል፣ ግን «ዓይኖቿ እንደሚያበሩ ኮከቦች ነበሩ» የሚለው ላይ ይወድቃል፣ እዛ እንደ ግሱ ላይ ተለጥፎ እያለ የሚያነጻጽረው ከኮከቦቹ ጋር ነው። እኔ አቋራጩን ትቼዋለሁ።

በተቃራኒው እንደ የሌለበት ተነጻጻሪም አለ፣ «እሳት የመሰለ ልጅ»፣ «ፊኛውን ነፍተን ነፍተን ጨረቃ አከለ»፣ «ወረቀቱ ቢራቢሮ ይመስል በረረ»። እነዚህን ካላሳያችኋቸው ፈተና ላይ ተለዋጭ ናቸው ብለው ይሞላሉ። «ይመስላል» ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፣ «ሊዘንብ ይመስላል» ግምት ነው፣ «አባቱን ይመስላል» እውነተኛ መመሳሰል ነው፣ ሁለቱም ዘይቤ አይደሉም።

አሰራሩ፦ ሃያ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ ወይ ፕሪንት አድርጉ፣ ልጆቹን አራት አራት አድርጋችሁ በግሩፕ መድቡ፣ ለየግሩፑ አንድ እሽግ ስጡ፣ «ዘይቤ ነው» እና «ዘይቤ አይደለም» ብለው በሁለት ክምር ይለዩ። መልስ ትክክል መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ አንዱን ወረቀት አንስታችሁ «ለምን እዚህ አደረጋችሁት?» ስትሉ ከግሩፑ ማንኛውም ልጅ መመለስ አለበት። ጭቅጭቅ ይነሳል፣ ይነሳ። አምስት ደቂቃ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር የተጨቃጨቀ ልጅ በዛ ዓይነት ነገር ዳግም አይሳሳትም።

ደረጃ 4፦ መቀስ

አሁን ወደ ተለዋጭ ዘይቤ። ረጅም የወረቀት ቁራጭ ላይ በትልቁ «ልጅቷ እንደ አቦሸማኔ ፈጣን ናት» ብላችሁ ጻፉ፣ ፊታቸው መቀስ አውጡና «እንደ»ን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ቀጥሎ «ፈጣን»ንም ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የቀረውን ገጣጥሙት፦ «ልጅቷ አቦሸማኔ ናት»። ከዛ የወደቁትን ሁለት ወረቀቶች ከመሬት አንስታችሁ «ምን ጣልን?» በሉ። አንዱ ማገናኛው ነው፣ ሌላው የጋራ ጠባዩ። ማገናኛው ባይኖርም ግድ የለም፣ የጋራ ጠባዩ ግን አሁን የተደበቀ ነው፣ አንባቢው ራሱ ነው የሚፈልገው። «በምኗ?» የሚለውን ጥያቄ እስካሁን መምህሩ ነበር የሚጠይቀው፣ ከዚህ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይጠይቃል።

ለዚህ ነው ተለዋጩ ለልጆች የሚከብደው። ኤለን ዊነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ላይ ለልጆች ካቀረቧቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ ለብዙ ዓመት እስር ቤት ስለሰራ ጠባቂ ነበር፣ «የማይነቃነቅ ጠንካራ ድንጋይ ሆነ» የሚል። ትንንሾቹ ላይ የታዩት ስህተቶች እኛም ክፍል ውስጥ የምናያቸው ናቸው፦ አስማት (አንድ ንጉስ ወደ ድንጋይ ቀየረው)፣ ጉርብትና (ድንጋይ ግድግዳ ያለበት ቦታ ስለሚሰራ ነው)፣ ወይም ግማሽ መንገድ (ጡንቻው ጠንካራ ነው)። ሶስተኛው ልጅ ደረጃው ላይ ወጥቷል፣ ከአካል ጥንካሬ ወደ ጠባይ ጥንካሬ መሻገር ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ «ተሳስተሃል» አትመልሷቸው፣ አስማት ላለው «እውነት ሊሆን ይችላል?» ትሉታላችሁ፣ ጡንቻ ላለው ደግሞ «ሰውዬው ለእስረኞቹ እንዴት ያለ ሰው ይመስልሃል?»

በጣም የሚሰራልኝ ሁለት ስዕል ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው በአንዱ በኩል ቃል በቃል ያለውን ይስላሉ፣ በሌላው ሊል የፈለገውን። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» የሚለውን ስጧቸው፣ አንዱ በኩል አፉ ቅቤ ሆኖ የሚቀልጥ ደረቱ ውስጥ ጩቤ የተሰካ ሰውዬ ይስላሉ፣ በሳቅ ይሞታሉ፣ ሌላው በኩል ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ የሚያማ ሰው። በነገራችን ላይ ነገሮችን ቃል በቃል ብቻ የሚወስዱ ልጆች አሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸውና አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ልጆች ላይ በተለይ ሊታይ ይችላል፣ ለነሱ ይሄ ሁለት ስዕል ትልቅ መደገፊያ ነው። ዘይቤውንም ብቻውን አትስጧቸው፣ ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር።

የ«ነው» ወጥመድም እንዳይረሳ፣ «እህቴ ሐኪም ናት» እውነት ነው፣ «እህቴ መድሃኒቴ ናት» ተለዋጭ ነው። መለያው «እውነት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ተለዋጭ ዘይቤ ግጥም ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የእለት ተእለት ንግግራችን በሱ የተሞላ ነው ብለው ተከራክረዋል። አማርኛን እዩት፣ «ገባኝ» ስንል ምን ገባ? የት ገባ? በየት በኩል? ተስፋ እንዴት ይቆረጣል? ሰው ሲናደድ «ነደደ»፣ «ጦፈ»፣ «በገነ» እንላለን፣ ሲለቀው «በረደለት»፣ ንዴት እሳት ነው ማለት ነው። ልጆቹን አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ዓይነት ቃላት ከቤተሰብ ወሬ እንዲለቅሙ ላኳቸው፣ በነጋታው የሚያመጡት ለአንድ ሳምንት ይበቃችኋል።

ደረጃ 5፦ አንዱን ዘይቤ ማስረዘም

አንድ ተለዋጭ ምረጡ፣ «ክፍላችን መርከብ ነው» እንበል። ካፒቴኑ ማነው? ባህሩስ? መልህቁ? ውሃ የሚገባው መቼ ነው? አንድ ጊዜ አንዱ «ፈተና ማዕበል ነው፣ ላጲስ ደግሞ የህይወት አድን ጃኬት ነው» ብሎኝ ያን ቀን ክፍሉን ማረጋጋት አልቻልኩም። እዚህ ጋ ልጆቹ ሳያውቁት ከመልክ ወጥተው ስራና ግንኙነት ውስጥ ገብተዋል፣ ያ ከረጢቱ ቀን ባዶ የነበረው የብላክቦርድ ጎን አሁን ሞልቷል። የማይገጥምበትንም ጠይቁ፣ መርከብ ይንቀሳቀሳል፣ ክፍላችንስ? የማይገጥመውን ማግኘት የሚገጥመውን ከማግኘት ያልተናነሰ ያስተምራል።

ከዛ ለብቻቸው ይጽፋሉ፣ የማይጨበጥ ነገር ይምረጡ፣ ንዴት፣ ዝምታ፣ ሰኞ፣ መሰልቸት፣ እና አራት አምስት መስመር በአንድ ዘይቤ ብቻ ይቀጥሉ። መሃል ላይ ሌላ ዘይቤ ከገባ ይመለስ፣ ንዴቱ እሳት ሆኖ ጀምሮ ሶስተኛው መስመር ላይ ጎርፍ ከሆነ እሳቱን አጥፍቶታል ማለት ነው። ሲቸግራቸው በእንቆቅልሽ አስጀምሯቸው፣ ስሙን ሳይጠሩ «ቀኑን ሙሉ ይከተለኛል፣ መብራት ሲጠፋ ጥሎኝ ይሄዳል» ይበሉ፣ ጓደኛ ጥላ መሆኑን ይገምት።

ማረም ላይ

«ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ዓይነት ዘይቤ ነው? ሀ. ተነጻጻሪ ለ. ተለዋጭ» የሚል ጥያቄ ብቻ ካወጣችሁ ከላይ ያለውን ልፋት ገደል ከተታችሁት፣ ምክንያቱም ሳያስብ የሞላም ግማሹን ያገኛል። እኔ ለአንድ ዘይቤ አራት ነጥብ እሰጣለሁ፣ አንዱ ለስያሜው፣ አንዱ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ ለመለየት፣ ሁለቱ ደግሞ «በምኑ?» ለሚለው። የራሳቸውን ሲጽፉም ከስሩ አንድ መስመር «በምኑ» ብለው ያብራራሉ። መቼም ፊደል ግድፈትን እዚህ ላይ አልቆጥርም፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

አንዴ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እጁን የማያወጣ፣ «ዝምታ የተዘጋ ፍሪጅ ነው» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ግራ ገባኝ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው የሚለው ብዬ ወደ ታች ወረድኩ። «በምኑ፦ ውስጡ መብራት እንዳለ ከውጭ ስለማይታወቅ» ይላል። አራት ከአራት ሰጥቼ ለአምስተኛ ነጥብ ቦታ ፈለግኩለት።